ስለ ጠፋው ሰማንያ ሁለት ዋት ተኩል

ለተከበሩ የአካባቢያችን መብራት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሞ የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረስዎ፤ ጤናዎ እንደ ቢሮዎ አምፖል ሳይርገበገብ እንደሰነበተ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ፣ በትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ሃያ ስምንት ዓመት አገልግዬ ጡረታ ወጥቼ ከእህቴ ጋር ጫጩት እያስፈለፈልሁ የምኖረው፣ ደህና ነኝ። እንቁላሎቼ ግን ይበርዳቸዋል።

መቶ ሃያ እንቁላል የያዘው ማሽኔ ሙቀት እንደከዳው፣ በራሴ ቴስተር የለካሁትን ጽፌ ባመለክት፣ በፊርማዎ የሚከተለውን አስተምረውኛል። ቮልቴጅ በሩብ ቢቀንስ ኃይልም በሩብ ብቻ ይቀንሳል፤ ማሽኔ ከአራት መቶ አርባ ዋቱ ሩብ ሲቀነስ በሚቀረው በሦስት መቶ ሠላሳ ዋት ፈንታ ሁለት መቶ አርባ ሰባት ተኩል ስለሚያሳይ የጎደለውን ሰማንያ ሁለት ዋት ተኩል ወደ ሌላ ቦታ ጠልፌአለሁ፤ ስለዚህ ሐሙስ መስመሬ ይቆረጣል። እንቁላሎቹ የሚፈለፈሉት ቅዳሜ ነው። ስለ ጥንቃቄዎ አመሰግናለሁ፤ እህቴ የጠፋውን ዋት አልጋ ሥር ሳይቀር ፈልጋዋለች።

አንደኛ፤ ማሽኑ በደህናው ሰዓት በሁለት መቶ ሃያ ቮልት ሁለት አምፔር ይስባል። ቮልቱን ለአምፔሩ ሲያካፍሉት የማሞቂያው ሽቦ ሬዚስታንስ መቶ አሥር ኦም ነው፤ ሲያባዟቸው ኃይሉ አራት መቶ አርባ ዋት ነው። በክፉው ሰዓት መስመርዎ መቶ ስድሳ አምስት ቮልት ይልካል፣ ማሽኑም አንድ ተኩል አምፔር ይስባል። ያካፍሉት፤ ያው መቶ አሥር ኦም ነው፤ ሽቦዬን ማንም አልነካውም። ያባዙት፤ ሁለት መቶ አርባ ሰባት ተኩል፤ ቮልቱ ሲወርድ አምፔሩም አብሮ ይወርዳልና። ብርድ ልብስዎን ከወርዱም ከቁመቱም ሩብ ሩቡን ቢቀድዱብዎ የሚተርፍልዎ ከግማሽ ብዙም አይበልጥም፤ ሌባው ግን እርስዎ አይሆኑም።

ሁለተኛ፤ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነውር መሆኑን ወላጆቼ ነግረውኛል። ከአጥሬ ማዶ ያለው የእንጨት መጋዝ ሲጮህ ቮልቱ መቶ ስድሳ አምስት ነው፤ ሲያርፍ ሁለት መቶ ሃያ። ባለቤቱ የክቡርነትዎ አማች መሆናቸውን የሰማሁት ከራሳቸው ነው፤ ከስማቸው አስቀድመው የሚናገሩት እሱን ነው። ይህን ከነገሩ ጋር አላያይዘውም፤ እኔ ተጠራጣሪ ሰው አይደለሁም።

ሦስተኛ፤ ቴክኒሽያንዎ አራት ጊዜ መጥተዋል። አራቱንም ጊዜ መጋዙ ከመድረሳቸው ልክ ግማሽ ሰዓት በፊት ዝም ብሏል፤ እሳቸውም ሁለት መቶ ሃያ አንብበው ምን እንደጎደለኝ በትሕትና ጠይቀውኝ ሄደዋል። እንዲህ እግረ እርጥብ ከሆኑ እስከ ቅዳሜ ከማሽኑ አጠገብ ይቀመጡልኝ፤ ፍራሽ አነጥፋለሁ።

ባለፈው ወር ከመቶ ሃያው የወጡት ዘጠኝ ናቸው። የቀሩትን ሰብረን ስናይ ላባ አብቅለው ነበር። ያን ቀን እህቴ ምሳ አልበላችም፤ እኔም ተናድጄ ነበር፣ አሁንም ንዴቴ አልበረደም።

መስመሬን ከማስቆረጥዎ በፊት አንዲት ማካፈልና አንዲት ማባዛት እንዲሠሩልኝ እየለመንሁ፣ የሥልጣን ዘመንዎ እንደ መጋዙ የመብራት ገመድ የወፈረ እንዲሆን የምመኝልዎ፣ በደብዛዛ አምፖል ሥር ሆኜ የማከብርዎ፣

የአማችዎ ጎረቤት

ተጨማሪ፦ ይህን ስፈርም መጋዙ ዝም አለ፤ ቴስተሬም ሁለት መቶ ሃያ ያነባል። እንግዲህ ሰውዎ ሊደርሱ ግማሽ ሰዓት ቀርቷቸዋል፤ እህቴ በሩን ልትከፍትላቸው ወጥታለች። ደብዳቤዎ መስመሬ ይቆረጣል ብሎ የቀጠረው ግን ለሐሙስ ነበር። ዛሬ ረቡዕ ነው።