ሰማንያ ጭረት

ረቡዕ፣ ጥር 14። ጠዋት 3 ሰዓት።

ደብተሬ፣ ዛሬም ማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ቆሜ ነው የምጽፍልሽ። ሁለት ክፍት ቦታ ወጥቷል። ሁለቱም ልምድ ይጠይቃሉ። ከተመረቅሁ ገና ስድስት ወሬ፣ ልምድ ከየት ላምጣ? ግድ የለም። እኔ ፊልም አለኝ።

ነበረኝ ልበል።

ሰሌዳው ጥግ ላይ፦ «ሰው መሆን ያማረው ብረት። ደራሲ፣ ዳይሬክተርና መሪ ተዋናይ ግርማቸው።» ቅዳሜ ጥር 24፣ 8 ሰዓት፣ ወጣቶች አዳራሽ። ሦስት ጊዜ አነበብሁት። ስሜ የለም። ድምፅ ማጉያ ያዋሰው ሰውዬ እንኳ ተመስግኗል።

ግርማቸው የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ ነው። ካሜራ ያለው እሱ ስለሆነ ክረምት ላይ ጽሑፌን በገዛ እጄ ሰጠሁት። አንብቤ እደውላለሁ አለ። አልደወለም።

ለዛሬ በቃኝ።

ዓርብ፣ ጥር 16።

ስቱዲዮው ሄድሁ። ግ. ወንበር ሳበልኝ፤ ይኼ ነው ይበልጥ ያነደደኝ። ሮቦት የዓለም ሁሉ ነው፣ ሐሳብ ባለቤት የለውም አለ። ደግሞም ለውጬዋለሁ አለ። ያንቺዋ ሮቦት ሴት ነበረች፣ አታስቅም፣ ወንድ አደረግኋት፣ እኔው ተወንሁት አለ። ከዚያ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፦ «አይዞሽ የኔ እኅት፣ ገና ልጅ ነሽ።»

ልጅ!

ደብተሬ፣ ላንቺ ብቻ ልንገርሽ። ታሪኩ የየሺ ነው፣ የታላቅ እኅቴ። ዐረብ አገር ሦስት ዓመት በሰው ቤት ስትሠራ እመቤቷ ስሟን ጠይቃት አታውቅም። ከሷ በፊት በነበረችው ሠራተኛ ስም ነበር የምትጠራት። የተመለሰች ዕለት መናኸሪያ ላይ «የሺ!» ብዬ ስጮህ ዞር አላለችም። ሮቦቴን የዚያን ዕለት ፀነስኋት። እሷም የሰው ቤት ታገለግላለች። ሰው መሆን ያምራታል፤ ሰው ማለት ለሷ የክርስትና ስም ያለው ነው። ከተሠራችበት ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ግድግዳው ላይ አንዳንድ ጭረት ትጭራለች። ሰማንያ ሲሞላ ክርስትና ልትነሣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ትቆማለች።

የሺ ይህን መጻፌን አታውቅም።

እበቀለዋለሁ። በምን እንደሆነ እንጃ።

ማክሰኞ፣ ጥር 20።

አገኘሁት!

አዳራሹ ውስጥ ፊልሙን ሲሞክሩት በኋላ በር ሹልክ ብዬ ገባሁ። መጨረሻው ላይ ግ. ቆርቆሮ ለብሶ ጭረቱን ጮክ ብሎ ይቆጥራል። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ሰማንያ። ሰማንያ! ወንድ በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ። በዚህ አገር ይኼን የማያውቅ የለም፣ እሱም ያውቃል። ግን ሴቲቱን ወንድ ሲያደርግ ጭረቱን እንዳለ ገለበጠው። የሰረቀበት እጅ ግድግዳው ላይ ቀርቷል።

ልነግረው አፌ ድረስ መጣ። ዋጥሁት። ማር ማር አለኝ።

ወጥቼ በቀጥታ እማማ አትጠገብ ቤት። የሠፈሩ ሕፃን ግማሹ የክርስትና ልጃቸው ነው። ፊልም ምን ሊረባኝ አሉ። ስለ ክርስትና ነው እማማ፣ እርስዎ ካላዩት ማን ይየው አልኋቸው። እሺ አሉ። ጓደኞቻቸውንም ይዘው ይመጣሉ።

ቅዳሜ፣ ጥር 24። ማታ 12 ሰዓት።

ገበያተኛው ሁሉ ገብቶ አዳራሹ ጢም ብሏል። ከጉና ተራራ የወረዱት ጋቢያቸውን እንደተከናነቡ ቆመዋል። የሺ ከጎኔ። እማማ አትጠገብ ከፊት።

ፊልሙ ላይ ቆጠራው ተጀመረ። ሠላሳ ዘጠኝ። አርባ። አርባ አንድ።

«ኧረ አርባው አለፈ!» እማማ ናቸው። «ይኼ ልጅ ምን ይጠብቃል? ክርስትና አባት አጣ?»

ሰው ሳቀ። ሃምሳ። ስድሳ። ከኋላ አንዱ «እሜቴ ቆርቆሮ!» አለ። ሌላው «ቀሚስ አምጡላት፣ ብርድ መታት!» አለ። አዳራሹ ተናጋ። ግ. ራሱ መጋረጃው አጠገብ ቆሟል፤ መጀመሪያ አብሮ ሳቀ። ከዚያ ገባው። ፊቱን አየሁት። ጠጣሁት።

ሰባ ላይ የሺ ወደኔ ዞረች። እየሳቀች አልነበረም። ይቺ ሴት ነበረች አለችኝ፣ ማን ጻፋት? እኔ አልሁ። ሰማንያው ሳይሞላ ተነሥታ ወጣች።

እሑድ፣ ጥር 25።

የሺ አታናግረኝም። ድንች ትልጣለች፣ ቀና አትልም።

ግ. ከኔ ወሰደ። እኔስ ከማን ወሰድሁ? ሳልጠይቃት። ይኼን መጻፍ አስጠልቶኛል።

ሰኞ፣ ጥር 26። ከሰዓት።

ግ. መጣ፣ ደጃፍ ላይ። ከተማው ሁሉ «እሜቴ» እያለው ነው። ስምሽን ከላይ አደርጋለሁ፣ እንደገና በሴት እንቀርጸዋለን፣ አስተካክይልኝ አለ። እንዳለ ይሂድ አልሁት። ባሕር ዳርም፣ ጎንደርም፣ በስምህ፣ እስከ ሰማንያው። በሩን ዘጋሁ። አልጸጸትም።

ከዚያ እኔ ዘንድ የቀረውን የእጅ ጽሑፍ አውጥቼ የየሺ ጭን ላይ አኖርሁ። ያንቺ ነው፣ ብትፈልጊ ምድጃ ውስጥ ጨምሪው አልሁ። ቃሌ ነው፣ አልቃወምም።

አሁን እያነበበች ነው። አንድ ሰዓት ሞላት። ገጽ ስትገልጥ ብቻ እሰማለሁ።

ቀና አለች። እመቤቲቱን አለዝበሻታል አለችኝ። እንዲህ ደግ አልነበረችም።

ብዕሬን ተቀበለችኝ። ይኼን በእርሳስ ነው የምጽፍልሽ፤ እየሰረዘች በላዩ መጻፍ ጀምራለች፣ ልቅረብና...