ከክሬኑ ግርጌ

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9፣ ረፋድ ላይ

ለምወድሽ ልጄ፣ ለዶክተሬ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? እኔና እናትሽ ደህና ነን። ደህና ነን ስልሽ ግን፣ ደብዳቤሽ ከደረሰን ወዲህ እናትሽ ሰሐን ስታጥብ ብቻዋን ታወራለች፤ እኔም ትናንት እንቅልፍ በዓይኔ ሳይዞር ነጋ። ስለዚህ ዛሬ ክሬኑ ላይ አልወጣሁም። ከግርጌው የብሎኬት ክምር ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፍልሽ።

ማን ከለከለህ ትይኝ ይሆናል። ፉጨት የምንለው ነዋ! ከታች ሆኖ ምልክት የሚሰጠኝን ሰውዬ ታውቂው የለ? እኛ ሳይት አንድ ደንብ አለን። መሰላሉን ከመርገጤ በፊት «እንዴት አደርክ?» ይለኛል። ሌላ ቦታ ሰው ቤቱ ተቃጥሎ አድሮም «ደህና» ይላል። እዚህ እንደዚያ ብሎ ማለፍ የለም፤ ዓይን ዓይንህን እያየ ይጠብቅሃል። ዛሬ «አልተኛሁም፤ ሐሳቤ ልጄ ጋ ነው» አልኩት። «በል እንግዲህ፣ አረፍ በል» ብሎ ተተኪዬን አወጣው። የሳቀብኝ የለም። ከራሳቸው በላይ ብረት ተንጠልጥሎ የሚውሉ ሰዎች ናቸውና ይገባቸዋል።

አሁን ወዳንቺ ልምጣ። መምህርሽ ባሉበት፣ ያ ሁሉ ተማሪ ቆሞ እያየ፣ እጅሽ ሲንቀጠቀጥብሽ ምላጩን አስቀምጠሽ «ዛሬ አልቻልኩም፤ እርስዎ ይቀጥሉልኝ» አልሽ። ቀዶ ሕክምናውን እሳቸው ጨረሱት። ከዚያ ዕረፍት ውሰጂ፣ የሥነ ልቦና ባለሙያም አነጋግሪ ተባልሽ። አንቺ ደግሞ «አባዬ፣ አዋረድኩህ፤ ሰኞ መልቀቂያ አስገባለሁ» ብለሽ ጻፍሽልኝ።

አዋረድኩህ! ምኑን ነው ያዋረድሽኝ? ጠዋት ቁርስ ላይ ለባልደረቦቼ ነገርኳቸው። ፉጨት ዳቦውን እያኘከ «ይቺ ልጅ እኛ ዘንድ ነው እንዴ የተማረችው?» አለ። ልጄ፣ ደረቴ ሊፈነዳ ነበር። የተመረቅሽ ለት እንኳ እንዲህ አልኮራሁም። ያኔ የኮራሁት በዲግሪሽ ነበር፤ ዛሬ ባንቺ ነው። እኔስ ስንት ዓመት ስወጣ ስወርድ «ዛሬ አልወጣም» ብዬ የማላውቅ መስሎሽ ነው?

ባለሙያዋ ጋ ሂጂ። «አበድኩ እንዴ?» እንዳትይኝ፤ የክሬኑ ገመድ እንኳ በየጊዜው ይፈተሻል፣ ያውም ሳይበጠስ። የመልቀቂያውን ነገር ግን ሰኞ አታድርጊው። ብዪ፣ ተኚ፣ ከሰው ጋር ሳቂ። ራስሽ ረግቶ ያኔም ልልቀቅ ካልሽ ልቀቂ፤ ቤትሽ ቤትሽ ነው። እናትሽ «አሁኑኑ ትምጣልኝ» እያለች ነው። እኔ እንደዚያ አላልኩም። አልጋሽን ወደ መስኮቱ ያስጠጋሁት ቤት ስጠርግ ነው።

አንድ ነገር ብዬሽ ላብቃ። ያን ሁሉ ገጽ ስትጽፊ ስለ በሽተኛው ያልሽው አንድ መስመር ብቻ ነው፣ እሱም መጨረሻው ላይ፦ «ሰውየው ድኖ በእግሩ ወጥቶ ሄደ።» ለእናትሽ ሳነብላት እዚህ ስደርስ «እስቲ ድገመው» አለችኝ። ደገምኩላት። «ልጆች አሉት?» አለችኝ። እሱን አልጻፍሽልንም።

ፈጣሪ እጅሽን ይባርክልኝ፤ ምላጩን ያስቀመጠውን፣ እሱኑ እጅ።

አባትሽ