በካሴቱ ላይ ያለው ስም

ኅዳር 2፣ 2017 ዓ.ም. ሰኞ

ቢሮ ዋልሁ። ብርድ። መብራት ጠዋት ነበር፣ ከሰዓት ጠፋ። ኔትወርክማ ከጠፋ ስንት ጊዜው… አሁን አሁን ስልኬን የምይዘው ሰዓት ለማየት ብቻ ነው።

በእውቀቱ ጠራኝ። አለቃዬ ነው፣ የባህል ቢሮው ኃላፊ። ዕድሜው ከልጄ ከየትናየት ያንሳል፣ ግን ስገባ ከወንበሩ ይነሣል። ደግ ልጅ ነው። ደግነቱ ነው የሚያስፈራኝ።

«እትየ ጥሩነሽ፣ አንድ ሥራ አለ። ከእርስዎ ሌላ የሚሠራው የለም።»

የሙዚቃዊ ተውኔት ካሴት ሽልማቱን ታሪክ ይጻፉልን ነው ነገሩ። ከተጀመረ ሠላሳ ስምንት ዓመቱ። ከገና በኋላ በዓል ሊደረግ፣ መጽሔት ሊታተም… ማን አሸነፈ፣ ደንቡ በየጊዜው እንዴት ተቀየረ። «መዝገብ ቤቷም እርስዎ፣ ተሸላሚዋም እርስዎ!» አለና ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ?

«ደግሞ በበዓሉ ቀን ከ‹የአሸተን ሙሽራ›፣ ከተሸለሙበት ካሴት፣ አንዲት ዘፈን ይዘፍኑልናል።»

ድምፄ አርጅቷል አልሁት። ድምፅ አያረጅም አለኝ። ምን ያውቃል።

ኅዳር 4፣ ረቡዕ

የካሴቶቹን ሣጥን አወጣሁት። በጦርነቱ ጊዜ ቢሮው ሲዘረፍ ኮምፒዩተሩም ወንበሩም መጋረጃው ሳይቀር ሄዷል። ካሴቶቹ ቀሩ። ካሴት ማን ይፈልጋል? ሰው ሁሉ «እንኳን ተረፈ» ሲል እኔ ምነው እሱንም በወሰዱት ብዬ ነበር። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ጀመርሁ። 1979፦ ሽልማቱ ተቋቋመ። መድረክ ላይ የታየ ሙዚቃዊ ተውኔት በካሴት ተቀድቶ ሲወጣ፣ ምርጡ ዋንጫ ይወስዳል። ለመድረኩ አይደለም፣ ለካሴቱ ነው። ይህን ሦስት ጊዜ አሰመርሁበት። በ1979 እና በ1980 የተሸለሙት የተውኔቱ ደራሲና የዜማው ደራሲ ብቻ ናቸው። ዘፋኞቹ ስማቸውም አልተጻፈ። ከዚያ ጉርምርምታ ሆነ፤ ታዲያ ካሴቱን የምንሰማው ለማን ብለን ነው ተባለ። በ1981 ደንቡ ላይ አንድ ነገር ተጨመረ፦ ከካሴቱ ግማሽ በላይ ድምፁ የተሰማ ድምፃዊም ዋንጫ ያገኛል።

በዚህ ደንብ የመጀመሪያዋ ተሸላሚ ማን ናት?

ጥሩነሽ…

እዚህ ላይ ብዕሩን አስቀመጥሁ።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ

እዚህ ደብተር ላይ እንኳ ጽፌው አላውቅም። ማን ያነበዋል ብዬ ነው የምፈራው? ይኸው፦

በካሴቱ ላይ የምትዘፍነው እኔ አይደለሁም። ውባንቺ ናት።

መድረክ ላይ ሙሽራዋ እኔ ነበርሁ፣ እሱ እውነት ነው። ውባንቺ ከተቀባዮቹ አንዷ። የብልባላ ገጠር ልጅ። ፊደል አልቆጠረችም፤ ቃሉን ሁሉ በጆሮዋ ነው ያጠናችው፣ የእኔንም ጭምር። ጋሽ አለሜ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የኪነት ቡድናችን መሪ፣ «ድምፅማ የእሷ ነበር፤ ግን ጽሑፍ ማንበብ የማትችል ልጅ እንዴት መሪ ተዋናይ አደርጋለሁ?» ይል ነበር። ቀረጻው ሁለት ቀን ሲቀረው ድምፄ ተዘጋ። ጭራሽ። የትምህርት ቤቱ አዳራሽ መስኮት በብርድ ልብስ ተሸፍኖ፣ ጄኔሬተሩ በስንት ልመና መጥቶ… ማን ይጠብቀኛል? ውባንቺ ቆመችና ዘፈነችው። ከዳር እስከ ዳር፣ አንዲት ቃል ሳትስት።

የካሴቱ ወረቀት ግን ቀድሞ በታይፕ ተመትቷል። «ሙሽራ — ጥሩነሽ»። ማን ይለውጠዋል አለ ጋሽ አለሜ። ዝም አልሁ።

ካሴቱ ተባዝቶ ሲመጣ ለውባንቺም አንድ ተሰጣት። ይዛው ወደ እኔ መጣች። «ጥሩየ፣ ስሜ የቱ ጋ ነው?»

ጣቴን በራሴ ስም ላይ አደረግሁ። «ይኸው፣ እዚህ ጋ።»

ሳመችው።

ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቴ ነበር እላለሁ። ልጅ ነበርሁ እላለሁ። ከዚያ ወዲህ ያሉት ሠላሳ ስድስት ዓመታትስ የማን ናቸው?

ኅዳር 7፣ ቅዳሜ

ገበያ አልወጣሁም። ባቄላ ካለቀ ሰነበተ፣ ጾሙ ደርሷል፤ ከሱቅ ገዛሁ፣ ግማሹ የነቀዘ።

«የላሊበላ ሰው ቅዳሜ ገበያ እያለለት ከሱቅ ባቄላ ይገዛል?» ይላል ምናለ። ባሌ። ወገቤን አልሁት። ይህ ወገቤ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ሲያመኝ ስንት ዘመኑ።

ውባንቺ ከብልባላ አህያዋን እየነዳች እንደምትመጣ፣ እህል ተራ ዳር ላይ እንደምትቀመጥ ሰዎች ነግረውኛል። ቅዳሜ ለእኔ እስር ነው። ቁልፉም ያለው እኔው ጋ ነው፣ የሚገርመው።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ

በእውቀቱ ምናለን መንገድ ላይ አግኝቶ ስለ ዘፈኑ ነግሮታል። ምናለ ሲገባ ፊቱ በርቷል። «በመጨረሻ! ልሰማሽ ነው!»

ምናለ ያኔ ሙጃ በምትባል ከተማ አስተማሪ ነበር። ካሴቱን ሰማና ድምፁን ፍለጋ ላሊበላ መጣ። «እኔ ያገባሁት ድምፅዋን ነው» ይላል ለመጣ እንግዳ ሁሉ። ስዘፍን ግን ሰምቶኝ አያውቅም። መጀመሪያ የእናቴ ሐዘን ነው አልሁ። ቀጥሎ እርግዝና። ቀጥሎ ጉሮሮዬ…

ለየትናየት እሹሩሩ ብያት አላውቅም። ስል ቢሰማኝስ? ልጄን ጀርባዋን እየመታሁ፣ አፌን ዘግቼ ነው ያስተኛኋት። ይህን ሳስብ ነው የማለቅሰው፣ ስለ ዋንጫው አይደለም።

ዋንጫው ቡፌው ላይ ነው። የፕላስቲክ አበባ ሰክቼበታለሁ። በሰው ወርቅ አይደምቁ ይላሉ። እኔ ግን ደምቄ አረጀሁ።

ኅዳር 13፣ ዓርብ

በእውቀቱ የእያንዳንዱ ድምፃዊ ደቂቃ በመጽሔቱ ላይ ይግባ ብሏል፤ ደንቡ «ከግማሽ በላይ» ስለሚል። ቴፑንና ማዳመጫውን ሰጠኝ። ምናለ ካሴቱን ቤት ውስጥ ሲከፍተው ወጥ ቤት እገባ ነበር። ዛሬ የምገባበት ጠፋ።

ጠቅላላ 46 ደቂቃ። መሣሪያ ብቻ 8። ተቀባዮች 11። ውባንቺ 27።

ጥሩነሽ? በሁለተኛው ገጽ፣ ከሐዘኑ ዘፈን በኋላ ጸጥ ሲል፣ አንዲት ሳል አለች። የእኔ ናት። ድምፄ ተዘግቶ ጥግ ቆሜ የሳልኋት።

የእኔ ድርሻ አንድ ሳል ነው። መልሼ መላልሼ ሰማኋት።

ኅዳር 16፣ ሰኞ

ሌላውን ሁሉ ጽፌ ጨረስሁ። ከ1982 እስከ 1987 ሽልማት የለም፤ ጦርነት፣ የመንግሥት ለውጥ። በ1988 እንደገና ተጀመረ። በ1996 «ሙዚቃዊ ድራማ» ይባል የነበረው «ሙዚቃዊ ተውኔት» ይባል ተብሎ ሁለት ሙሉ ስብሰባ ተጨቃጨቁ። ከዚያ ሲዲ መጣ፣ ከዚያ ፍላሽ፤ «ካሴት» የሚለው ቃል ግን አልወርድም አለ። በ2005 አንድም ተወዳዳሪ አልቀረበም፤ ዳኞቹ ምሳ በልተው ተበተኑ። ይህም ታሪክ ነው፣ ጻፍሁት።

የቀረው 1981 ብቻ። አንድ መስመር።

ኅዳር 18፣ ረቡዕ

ደሴ የትናየት ዘንድ ልሸሽ አሰብሁ። ልጄ ታማለች ብዬ… ልጄን በሽተኛ አድርጌ! በዓሉ እስኪያልፍ እዚያው እቆያለሁ። መናኸሪያ ሄድሁ። መኪና የለም። መንገድ ተዘግቷል። መቼ ይከፈታል? ተራ አስከባሪው ትከሻውን ሰበቀ። «እግዜር ሲል እናትየ።»

ሻንጣዬን ይዤ ዳገቱን ተመለስሁ። ጎረቤቶች አዩኝ። «ከየት?» «ከየትም።»

ኅዳር 23፣ ሰኞ

መጣች።

በእውቀቱ በየቀበሌው አስነግሮ ኖሯል፣ የድሮ ኪነት አባላት ያላችሁን ይዛችሁ ኑ ብሎ። ቀና ስል ጠረጴዛዬ ፊት ቆማለች። ከስታ፣ ፀጉሯ ሸብቶ። ዓይኗ ግን ያው።

«ጥሩየ! ሙተሽ ነው ተደብቀሽ?»

ሳመችኝ። ሦስት፣ አራት ጊዜ። ከብብቷ ጨርቅ አወጣች፣ ፈታችው። ካሴቱ። ወረቀቱ ጫፉ እንኳ አልተላጠም።

«ቴፕም የለኝ፣ ሰምቸው አላውቅም። ስሜ ስላለበት ብየ ነው ያኖርሁት።» ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ወደ እኔ ገፋችው። «ያኔ አንቺ ነሽ ያነበብሽልኝ። እስኪ ዛሬም አንብቢልኝ።»

ዓይኗን ከፊቴ አላነሣችም። በእውቀቱ በሚቀጥለው ክፍል ነው፣ በሩ ክፍት።

ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። «ሙሽራ… ውባንቺ» ብዬ አነበብሁ።

«እሽ» አለች። ካሴቱን መልሳ ጠቀለለችው። ለቢሮው አልሰጠችም፣ ሻይ ጠጪ ብላት እንቢ አለች። ወጣች።

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ

ደግሜ ዋሸሁ። በአሥራ ስምንት ዓመቴ አይደለም አሁን። በሃምሳ አራቴ።

ኅዳር 26፣ ሐሙስ

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይነቅዛል። ነቅዞ ዱቄት ሆኗል።

ጻፍሁት። «1981፦ ውባንቺ፣ ከብልባላ። 27 ደቂቃ። ዋንጫው በስህተት ለጥሩነሽ ተሰጥቷል።» አነበብሁት። «በስህተት» የሚለውን ሰረዝሁና «ጥሩነሽ እያወቀች ወስዳዋለች» ብዬ ተካሁበት። ለበእውቀቱ ሰጠሁት።

አንብቦ ተቀመጠ። «እትየ፣ ‹ጥሩነሽ እና ውባንቺ› ብንለውስ? በኅብረት። ማንም አይጎዳ» አለ።

ዋሽቼ ምን አደርጋለሁ፣ ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። «እና»! እንዴት ያለች ጣፋጭ ቃል ናት። ከዚያ ሳሏ ትዝ አለችኝ።

«ሰዓት ያዝና የእኔን ደቂቃ ራስህ ቁጠረው» አልሁት።

ለምናለም ነገርሁት። ሬዲዮውን ዘጋ። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «ለሰው ሁሉ… ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለሰው ሁሉ ስናገር…» አለና አልጨረሰውም። ኮቱን ለብሶ ወጣ። ተመልሶም አላናገረኝም።

ኅዳር 28፣ ቅዳሜ

ዋንጫውን በፌስታል ይዤ ገበያ ወረድሁ። እግሬ መንገዱን ረስቶታል፤ እህል ተራው የት እንደሆነ ሰው ጠየቅሁ። ሃምሳ አራት ዓመት በኖርሁበት ከተማ!

ውባንቺ ከጆንያዋ ኋላ ተቀምጣለች። አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ አልሁ።

«ባለፈው ልክ አላነበብሁልሽም» አልኋት።

«አውቃለሁ።»

«ምኑን?»

«ሁሉንም። ባንቺዓለም፣ ልጄ፣ ሦስተኛ ክፍል ስትገባ አነበበችልኝ። ‹እማየ፣ ጥሩነሽ ነው እኮ የሚለው› አለችኝ። ይሄው ሃያ ዓመት አለፈው።»

«ታዲያ ለምን…»

«ለማን ልናገር? አንቺ እንድትነግሪኝ ነበር የምጠብቅ። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ እዚሁ ነኝ፤ የጠፋሽው አንቺ። ቢሮ የመጣሁት ልክ ታነቢልኝ እንደሁ ብየ ነው እንጅ ካሴት ላስረክብ መሰለሽ? ደግመሽ ዋሸሽኝ እኮ፣ ጥሩየ።»

ይቅር በይኝ አልኋት።

«እሱን ቆይ።» ካሴቱን ከብብቷ አወጣች። ይዛው ትዞራለች ለካ። «መጀመሪያ አንብቢው።»

«ሙሽራ… ጥሩነሽ።»

«አልሰማሁም።»

«ሙሽራ፣ ጥሩነሽ!» ድንች የሚሸጡት ሴቶች ዞር አሉ። አንገቴን መሬት ውስጥ ብቀብረው በወደድሁ። እሷ ግን ራሷን ነቀነቀች፣ አንድ ሥራ እንዳለቀላት ሁሉ።

ፌስታሉን ሰጠኋት። ዋንጫውን አገላብጣ አየችው፣ በጣቷ ቆረቆረችው። ውስጡ የፕላስቲክ አበባው አቧራ ነበር፣ እፍ አለችው።

«ምን ላድርገው? ቡፌ የለኝ።» ትንሽ አሰበች። ከዚያ ጆንያው ውስጥ ከተተችና ባቄላ ሞልታ አወጣችው፣ በመዳፏ ከላይ አስተካከለችው። «መስፈሪያ ጣሳየ ተቀዶብኝ ነበር። ያዥ ነጠላሽን።»

ስትሰፍርልኝ «አንድ… ሁለት…» እያለች ታንጎራጉራለች፣ በሐዘኑ ዘፈን ዜማ። በእውቀቱ ተሳስቷል፤ ድምፅ ያረጃል። የእሷም አርጅቷል። የእሷ ነው ግን።

ይቅር ብዬሻለሁ አላለችኝም። እኔም ደግሜ አልጠየቅሁም።

ታኅሣሥ 3፣ ሐሙስ

መጽሔቱ ወደ ማተሚያ ሄደ፣ የጻፍሁት መስመር ሳይነካ። ከተማው አውቋል። ትናንት ሱቅ ስገባ የገብርኤል ማኅበርተኞቼ ወሬ አቆሙ።

ምናለ ዛሬ ካሴቱን ከፈተ። ወጥ ቤት ልገባ ስል «ቁጭ በይ» አለኝ፣ ከሳምንት በኋላ የመጀመሪያው ቃል። ሁለተኛውን ገጽ አዞረ። ሳሏ ጋ ሲደርስ አቆመው። ወደ ኋላ መልሶ እንደገና ሰማት።

«ይችንማ አውቃታለሁ» አለ። «ክረምት ክረምት የምሰማት ናት።»

አልሳቀም። እኔም አልሳቅሁም። ግን ቴፑን ዘግቶ አብረን ምሳ በላን።

ታኅሣሥ 5፣ ቅዳሜ

ገበያ ወጣሁ። ባቄላ፣ ሁለት ዋንጫ።