የሊማሊሞው ድንጋይ

ቻላቸው፣

የጋሽ ገዱን አሮጌ ቮልስ ይዤ ወደ ሊማሊሞ ወርጃለሁ። ቅዳሜ ሊወስዱት ይመጣሉ። የዳባቱን ሜዳ ስለሞከርን ካርቡሬተሩ ተስተካክሏል አይባልም፤ ጉዱ የሚታየው ዳገት ላይ ነው።

ሽሮው ድስቱ ውስጥ አለ። ለኔ አታስቀርልኝ።
ውሃ ዛሬ ይመጣል ተብሏል፤ ጀሪካኖቹን ሙላ።

ካርቡሬተሩ የሚረጨውን ቤንዚን ቀንሼለታለሁ። ሽቅብ ስመለስ በየመታጠፊያው ማርሽ አስገብቼ አቁሜ ካንዴላውን እየፈታሁ አያለሁ። አሁንም ከጠቆረ ቤንዚን በዝቶበታል ማለት ነው፤ እንደገና እንቀንሳለን።

ትናንት በሰው ፊት አንተ ላይ መጮሄ ደግ አልነበረም። ለምን እንደጮህኩ ግን ለማንም አልተናገርኩም።

አጠገቤ የተቀመጥከው እኮ ሞተሩ ከጠፋ ወርደህ ጎማው ሥር ድንጋይ እንድታስገባ ነበር። ከሜዳው ስንመለስ፣ ትንሿ ዳገት ላይ መኪናው ወደ ኋላ መንሸራተት ሲጀምር ባዶ እጅህን ዘለህ ወረድክ። እኔ መሪው ላይ ነኝ። ድንጋዩ አንተ የተቀመጥክበት ቦታ ቀረ። ጎማው ቦይ ውስጥ ባይገባ ኖሮ...

ተወው።

የእጅ ፍሬኑ ያው እንደምታውቀው ነው፣ አይዝም።

ተከትለኸኝ እንዳትመጣ። ድንጋዩን ከመኪናው አውርጄ ደጃፉ ላይ አስቀምጬዋለሁ። የሚያስገባልኝ ሰው ከሌለ ሸክም ብቻ ነው።

ሙሰዓብ