ባዝራዋን ያተረፉት የወይዘሮ ሱራካን ኢሳቤክ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ሱራካን ኢሳቤክ ከአባታቸው ከአቶ ኢሳቤክ ሞልዶሽና ከእናታቸው ከወይዘሮ ቱማር አልጎዞ እ.ኤ.አ. በ1944 በናሪን ተራሮች ሥር በምትገኘው በኮክ ጃር መንደር ተወለዱ። የተወለዱበትን ቀን በትክክል የሚያውቅ የለም። መታወቂያቸው ሜይ አንድ ይላል፤ ይኸውም የዚያን ጊዜው ጸሐፊ ቀኑ ላልታወቀ ልደት ሁሉ የበዓል ቀን መስጠት ይወድ ስለነበር ነው። በዚህ የተነሳ የመንደራችን እኩሌታ በሠራተኞች ቀን የተወለደ ሲሆን፣ እሳቸው ግን "እኔ የተወለድኩት በረዶ ሲጥል ነው፤ እናቴ ነግራኛለች" እያሉ እስከ መጨረሻው ሲሟገቱ ኖረዋል።

ወደ ትምህርታቸው ከማለፌ በፊት ይህን ማን እንደጻፈውና ማን እንደሚያነበው ልናገር። የጻፍኩት የበኩር ልጃቸው የታላይ ሚስት፣ ቱርሱናይ ነኝ። በእኛ ወግ ምራት የባሏን ታላላቆች ስም በአፏ አትጠራም፤ እኔም እዚህ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ጠርቼ አላውቅም። ወረቀት ምላስ የለውም ብዬ ስማቸውን እዚህ ጽፌዋለሁ እንጂ ጮክ ብሎ ማንበቡ የሌላ ሰው ድርሻ ነው። ስለዚህ የሚያነቡላችሁ የቤተሰቡ ታላቅ፣ የሟቿ ባል ታናሽ ወንድም አባባ ጁማሽ ናቸው። ትናንት አስቀድመው እንዲያዩት ብሰጣቸው "መነጽሬ የት እንዳለ እንጃ። ደግሞ ሱራካንን ለማወቅ ወረቀት አያስፈልገኝም" አሉኝ። አንድ ቃል ሳይዘሉ እስከ መጨረሻው ሊያነቡ ግን ዳቦ ላይ እጃቸውን ጭነው ምለውልኛል።

ሌላም ነገር አለ። ከቤቱ ጀርባ የታሰረችውን ግራጫ ባዝራ ከጠዋት ጀምሮ በዓይናችሁ ገረፍ እያደረጋችሁ እንደሆነ አይቻለሁ። ለለቅሶው ትታረዳለች ወይስ አትታረድም የሚለው ከሐሙስ ጀምሮ የመንደሩ ወሬ ሆኗል። በተራዋ እደርስባታለሁ። ለጊዜው ባዝራዋ ለመውለድ እንደቀረበች፣ የታላይ የባንክ ብድርም ከእሷ ጡት እንደሚከፈል ብቻ ይታወቅ።

ወይዘሮ ሱራካን በመንደሩ ትምህርት ቤት እስከ ሰባተኛ ክፍል ተማሩ። በሒሳብ ጎበዝ፣ በግጥም ደግሞ አደገኛ ነበሩ። አስተማሪው አንድ ጊዜ አርፍዶ ቢመጣ ስለ ጫማው አስተሳሰር ግጥም ገጥመው ክፍሉን ስላሳቁ ሳምንት ሙሉ ቆመው እንደተማሩ ይነገራል። በ1960 በኅብረት እርሻው የወተት ክፍል ተቀጠሩ፤ በሥራቸውም ሜዳሊያ ተሸለሙ። ሜዳሊያው ዛሬም የጓዳችን መስኮት በነፋስ እንዳይንኳኳ ተሸጉጦ እያገለገለ ይገኛል።

በ1968 የእርሻው የጭነት መኪና ሾፌር ከነበሩት ከአቶ ካልማት ጋር ጋብቻ ፈጸሙ። አቶ ካልማት ደግ ሰው ነበሩ፤ ደግነታቸው ለጎረቤት በረከት፣ ለጓዳችን ግን መቅሠፍት ነበር። ለምኖ ያጣቸው ሰው የለም። ታላይን፣ ጉልባራንና ኤርኪንን ወለዱ። እርሻው ሲፈርስ ንብረቱ ለአባላቱ ሲከፋፈል አንድ ትራክተር ለአራት ቤተሰብ ደረሰ፤ አንዱ ሞተሩን፣ አንዱ መሪውንና ወንበሩን፣ አንዱ የፊት ጎማዎቹን ወሰደ። አቶ ካልማት ቅድሚያውን ለሁሉም ሰጥተው ሲያበቁ ሁለት የኋላ ጎማ እያንከባለሉ ቤት ገቡ። ወይዘሮ ሱራካን በር ላይ ቆመው ሲያዩአቸው "እሺ፣ አሁን የት እንሂድባቸው?" ብለው ከመጠየቅ በቀር አልተቆጡም። ከጎማዎቹ ጋር አንዲት ግራጫ ባዝራም ደርሳቸው ነበር፤ ኩሚስ፣ የኮመጠጠ የባዝራ ወተት ማለት ነው፣ በጋ በጋ መንገድ ዳር እየሸጡ ቤቱን ያቆሙት በእሷ ነው።

በ1996 ኖቬምበር አቶ ካልማት የጎረቤት መኪና ሲገፉ ልባቸው ቆሞ በድንገት አረፉ። መኪናው ተነስቶ ሄዷል። ለቤተሰቡ የቀረው ባዝራዋ፣ ጎማዎቹ፣ የዱቄት ነጋዴው ዕዳና ሰው ተውሶ ያልመለሰው የዕቃ ብዛት ነበር።

የሱፍ ድንኳን ተተከለ። ባሏ የሞተባት ሴት ፊቷን ወደ ድንኳኑ ግድግዳ አዙራ ትቀመጥና ለቀስተኛ በደረሰ ቁጥር ሙሾ ታወርዳለች። ሙሾ የያዘችን ሴት ማንም አያቋርጣትም፣ ማንም በተናገረችው አይቀየምም። ይህ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ሕግ ነው። በዚህ ሕግ ቤት ማስተዳደር የጀመሩት ግን በኮክ ጃር ታሪክ ወይዘሮ ሱራካን ናቸው። ሌላ ምን ያድርጉ? ታላይ መቃብር ሊያስቆፍር ሄዷል፤ ጉልባራ ለቅሶ ላይ ናት፤ ኤርኪን ገና ልጅ ነው። ጓዳ የቀረችው ሙሽርነቷ ያልበረደላት አዲስ ምራት ናት፤ እሷም ቦርሶኩን፣ በዘይት የሚጠበሰውን ሊጥ፣ ምድጃ ላይ ትታ ከጎረቤት ሴቶች ጋር ወሬ ይዛለች። ስሟን መጥቀስ አስፈላጊ አይመስለኝም። ያን ጊዜ ከድንኳኑ ውስጥ አንጀት የሚበላ ዜማ ተሰማ፦

የልጆቼ አባት፣ ጋሻዬ መከታ፣
ዘይቱ ነደደ'ኮ፣ ይብቃችሁ ጨዋታ።

ለቀስተኛው ተንሰቅስቆ አለቀሰ። እኔ ሮጥኩ።

ከሰዓት በኋላ ጎረቤታችን ባካስ የቀበሮ ቆቡን እንዳጠለቀ "ወንድሜን፣ ወንድሜን" እያለ ደረሰ። አቶ ካልማት ያዋሱት የብረት ምድጃ እሱ ቤት እየነደደ የእኛ ልጆች በብርድ ሲንቀጠቀጡ ነው የከረሙት። ወይዘሮ ሱራካን ፊታቸውን ከግድግዳው ሳያነሱ እንዲህ አወረዱ፦

ቀበሮ ቆብ ለብሶ የሚያለቅሰው ማነው፣
ምድጃዬን ወስዶ ሦስት ክረምት የሞቀው።

ምድጃው በማግስቱ ተመለሰ። ባካስ እንዳይደገምበት ፈርቶ በጥድፊያ ስላመጣው ገና አልበረደም ነበር። ከዚያ በኋላ ኮርቻ መጣ፣ መጋዝ መጣ፣ እኛ እንኳ የረሳነው በርሜል መጣ። አባባ ጁማሽ ግን ነገሩ ስላልጣማቸው ኢማሙን "ይቺ ሴት ታለቅሳለች ወይስ ገበያ ቆማለች?" ብለው ጠየቁ። ኢማሙም "ሁለቱንም ትሠራለች። አንተ አንዱን እንኳን አልቻልከው" ብለው መለሱላቸው። አባባ ጁማሽ፣ ይህን ሲያነቡ ድምፅዎን ዝቅ እንዳያደርጉ አደራ።

ትልቁ ጉዳይ የባዝራዋ ነበር። ለአንድ አባወራ ለቅሶ ፈረስ ካልታረደ ሰው አፉን ይከፍታል። አባባ ጁማሽ ቢላዋቸውን ስለው መጡና በድንኳኑ በር "ወንድሜን በበግ ልሸኘው? ሰው ምን ይለኛል?" አሉ። ወይዘሮ ሱራካን "ባዝራዋ ከታረደች ልጆቹን ምን ላብላቸው?" ቢሏቸው "አላህ ያውቃል" አሉ። "አላህማ ያውቃል፤ ያላወቅኩት እኔ ነኝ" አሉ እሳቸው። ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ቢባልም አባባ ጁማሽ የሚሰሙ አልነበሩምና ባዝራዋን ለመፍታት ወደ ጓሮ ዞሩ። የገመዱን ቋጠሮ ይዘው ሳሉ የሩቅ ዘመዶች በፈረስ ደረሱ፤ ግቢው ሞላ፤ ሙሾው ተነሳ፦

በሕልም አለኝ ማታ፣ ያ ቸሩ ሰው ያ ደግ፣
ባዝራዋን ያረደ፣ ልጆቼን ያሳድግ።

ሰው ሁሉ ወደ ጓሮ ዞሮ አባባ ጁማሽን ያይ ጀመር። እሳቸው በዚያን ጊዜ የራሳቸው ሰባት ልጆች ነበሯቸው። ሚስታቸው እጅጌያቸውን ጎተት ቢያደርጓቸው ቋጠሮውን መልሰው አጠበቁት፤ ቢላዋውንም ቦት ጫማቸው ውስጥ ከተቱት። አንዲት የመከነች ላምና ሁለት በግ ታረዱ፤ ሰዉም በልቶ ጠግቦ ሄደ። ሙት በሕልም መጥቶ የተናገረውን የሚያፈርስ በእኛ አገር አልተወለደም። ሕልሙን በእርግጥ አይተውት እንደሆነ በኋላ ስጠይቃቸው "ያን ሳምንት መቼ ተኛሁና?" አሉኝ።

በወጉ መሠረት ሙሾው እስከ ሙት ዓመቱ ድረስ ቀጠለ። የዱቄት ነጋዴው ሊያጽናና መጥቶ ዕዳውን ሊያነሳ አፉን ከመክፈቱ በፊት እስከ ኩሚስ ወራት እንዲታገሥ በዜማ ተለመነ፤ እያለቀሰ እሺ አለ፤ ሲወጣም ሻይ ጠጥቶ የራሱን ስኳር ትቶልን ሄደ። የኤርኪን አስተማሪ ሳይቀር በሙሾ ተወቅሷል። መንደሩ "ሱራካን ሐዘኗን ሥራ አስያዘችው" ይል ነበር። አንዳንዱም ከዚያ አልፎ እውነተኛ ሐዘን የላትም እስከ ማለት ደረሰ።

ለእነዚያ ሰዎች የምለው አለኝ። ሙት ዓመቱ ወጥቶ ጥቁራቸውን ካወለቁ በኋላ፣ ሙሾም ካበቃ በኋላ ነው። ባዝራዋን ያልቡ ነበር። ባዝራ ውርንጭላዋ አጠገቧ ካልቆመ ወተት አትሰጥም፤ ውርንጭላውን የሚይዙላቸው ሁልጊዜ አቶ ካልማት ነበሩ፤ ያን ቀን የያዝኩት እኔ ነኝ። እጃቸው ሥራ ላይ እንዳለ፣ ዞር ሳይሉ "አንተ፣ ገመዱን አጥብቀህ ይዘሃል?" አሉ። እኔም ገመዱን ጠበቅ አደረግኩ። ያን ጊዜ ግንባራቸውን ባዝራዋ ጎን ላይ ደገፍ አደረጉና አለቀሱ። ግጥም አልነበረውም፣ ዜማም አልነበረውም፤ የሚታዘዝበትም ሰው አልነበረም። የወተቱ ባልዲ ተደፋ፤ እሳቸው ደግሞ ጠብታ ወተት ሲባክን ዓይናቸው የሚቀላ ሴት ናቸው፤ ቀና ብለው እንኳ አላዩትም። ባዝራዋ እስኪጨርሱ ድረስ ንቅንቅ አላለችም። ከዚያ ዓይናቸውን ጠርገው "በይ፣ ለማንም እንዳትነግሪ" አሉኝ። እስከ ዛሬ አልተናገርኩም።

ከዚያ ወዲህ ጉልባራ ነርስ ሆነች፤ ኤርኪን ብየዳ ተማረ፤ ሁለቱም በኩሚስ ነው። ዱቄት ነጋዴው ዕዳው ተከፈለው። ግራጫዋ ባዝራ አርጅታ ሞተች፤ ልጇ ተተካች፤ አሁን ጓሮ ያለችው የልጅ ልጇ ናት። በየዓመቱ መከር ሲያልቅ አንድ ጋሪ የድርቆሽ ሣር በራችን ላይ ተራግፎ እናገኛለን። አባባ ጁማሽ ሲጠየቁ "ፈረሱ መንገድ ስቶ ነው" ይላሉ። እንግዲህ ያ ፈረስ ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ መንገድ ሲስት ኖሯል። ወይዘሮ ሱራካን ይህን ያውቁ ነበር፤ በየዓመቱም የመጀመሪያውን ኩሚስ ለአባባ ጁማሽ ይልኩ ነበር፣ ሳይነጋገሩ።

ወይዘሮ ሱራካን ባለፈው ክረምት ባደረባቸው የልብ ድካም በቤታቸው ሲታመሙ ቆይተው፣ ሐሙስ ማለዳ በሰማንያ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። አልጋ ላይ ሆነውም ሊጡ ቀጠነ፣ ብድሩ ደረሰ፣ ባዝራዋ ውኃ ጠጣች ወይ ከማለት አላረፉም። በመጨረሻው ሳምንት እጄን ያዙና "ቱርሱናይ፣ ባዝራዋን አደራ። አንቺ ሙሾ አትችይም፣ ድምፅሽ የበግ ነው። አንቺ ጻፊው፤ ጁማሽ ያንብበው። እያነበበ ማረድ አይችልም" አሉኝ።

አባባ ጁማሽ፣ አደራው ይኸው ነው። እዚህ ድረስ ካነበቡ ባዝራዋ አትታረድም ብለው ያወጁት እርስዎ ሆነዋል፤ ቃሉ ከአፍዎ ወጥቷል፤ ይህ ሁሉ ሰው ምስክር ነው። ሊያማ የሚፈልግ ሰውም ቢኖር የሚያማው እኛን ሳይሆን እርስዎን ነው። በጎቹ በጓሮ ተዘጋጅተዋል። ቢላዋዎ ግራ ቦት ጫማዎ ውስጥ ነው፤ ለታላይ ይስጡት።

ወይዘሮ ሱራካን ሦስት ልጆች፣ ስምንት የልጅ ልጆች፣ ሁለት የትራክተር ጎማ፣ አንዲት ባዝራና በቅርቡ የሚወለደውን ውርንጭላዋን ትተው አልፈዋል። አላህ በጀነት ያኑራቸው፤ ልጆቻቸው ይባረኩ፤ የአገራችን ሰው እንደሚለው አፈሩ ሐር ይሁንላቸው።

ቦርሶኩ ጠቆር ብሎ ቢቀርብላችሁ ይቅርታ እንጠይቃለን። ዛሬ ጠዋት ዘይቱ ሁለቴ ነደደ፤ ከድንኳኑ ውስጥ የነገረን ሰው የለም።