ለጊታሬ ኖይዝ ጌት ስመርጥ

ጥቅምት 9 ቀን 74፣ ከሰዓት

ዛሬም ያጉረመርማል። አምፕሊፋየሩን ማለቴ ነው። እጄን ከክሩ ሳነሳ ሽሽሽ… እምምም… የአዳራሹ ጣሪያ ቆርቆሮ ነው፤ እሱም አብሮ ያጉረመርማል። ጥፋቱ የፔዳሏ ነው፣ ድምፅ የምታሻክረዋ። አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ ስጫወት ሩብ ያህል ብቻ ነበር የምከፍታት። እዚህ ላሊበላ ግን ጓ. ታደለ እስከ ጥግ ትከፈት ብሏል። የእኛ ኪነት ጊታር እንደ ጄት መጮህ አለበት፣ የደሴዎቹ በልጠውናል ይላል። የፖለቲካ ኃላፊ ነው። ሙዚቃውም የእሱ ሆኗል።

ሰይድ ጄኔሬተሩን አስነስቶ ገባ። የኪነቱ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ የወልድያ ልጅ፤ ከሥራ ውጭ የሰው ሬዲዮ ይጠግናል። ጆሮውን ስፒከሩ ላይ ለጥፎ ቆየ። ከሽሽታው ሥር ሰው ያወራል አለኝ። ሳቅሁበት። ፔዳሏ ሽፋኗ ፕላስቲክ ስለሆነ ሬዲዮ ትስባለች፣ ስጠኝና ውስጧን የዘይት ቆርቆሮ ላልብሳት አለ። እምቢ አልሁ። ከተከፈተች ድምጿ ይበላሻል ብዬ። ደግሞ ለአንተ ለደብተሬ ምን እደብቃለሁ፤ የጄኔሬተር ሰው ስለ ጊታር ሲያስተምረኝ ደስ አላለኝም።

ጥቅምት 14



የገበሬ ማኅበራት ስብሰባ ነበር። ከገነተ ማርያም፣ ከሙጃ ድረስ የመጣ ሰው። ንግግሩ ተራዝሞ 11 ሰዓት ሆነ። ሁለት መዝሙር ተጫውተን ጓ. ታደለ ተነሣ። ከእሱ በኋላ ወዲያው ስለምንቀጥል ፔዳሏን እንደተከፈተች ተውኋት። ይናገራል፣ ይናገራል። ከዚያ ውኃ ሊጠጣ ዝም አለ።

አምፕሊፋየሩ ተናገረ። ጥርት ባለ አማርኛ። ያ የውጭ ጣቢያ፣ መንግሥትን የሚሳደበው፣ ሁሉም በሩን ዘግቶ የሚሰማው። አንድ ሙሉ ዐረፍተ ነገር፣ ከዚያም ግማሽ። ዘልዬ ገመዱን ነቀልሁ።

ማንም አልሳቀም። ያ ሁሉ ሰው መሬት መሬት ያያል።

ወዲያው ቢሮ ተጠራን፣ እኔና ሰይድ። ጓ. ታደለ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር። መጀመሪያ ወደ እኔ ዞረ፤ ይህ ድምፅ ከየት መጣ አለኝ።

«እኔ ጊታር ተጫዋች ነኝ» አልሁ። «የኤሌክትሪክ ነገር አላውቅም።»

ሰይድ ቀና ብሎ አየኝ። ፔዳሏ ናት ሊል ይችል ነበር። አላለም። ምናልባት እኔ እስክል ጠበቀ። ቦርሳው ሲፈተሽ የሰው ሬዲዮ ተገኘ፣ ሊጠግነው የተቀበለው። በቃ፤ አሻጥር ተባለ። ሁለት የአብዮት ጥበቃ ሰዎች መሀል አድርገው ወሰዱት። እኔን ሂድ አሉኝ።

ሄድሁ።

ጥቅምት 16

ጓ. ታደለ አስጠራኝ። ስለ ሰይድ ሊጠይቀኝ መስሎኝ ነበር። የጠራኝ ለሌላ ነው። በኅዳር መጀመሪያ ከክፍለ ሀገሩ እንግዶች ይመጣሉ። ጊታሩ እንደ ጄት ይጩህ፣ ስታቆም ግን ከአምፕሊፋየሩ ትንፋሽ እንዳይሰማ ይላል። ኖይዝ ጌት የሚባል ነገር አለ አልሁት። ስመታ ይከፈታል፣ ሳቆም ይዘጋል፤ በር ማለት ነው። ደሴ ውረድና አምጣ አለኝ። የይለፍ ወረቀቱን እዚያው ፈረመ።

ኤሌክትሪክ አላውቅም ያልኸው ሰውዬ ይህን እንዴት አወቅህ አላለኝም። እየጠበቅሁት ነበር።

ስወጣ የሰይድ ሚስት ፋጡማ እሱ የታሰረበት ፖሊስ ጣቢያ በር ላይ ተቀምጣለች። የምግብ ዕቃ በነጠላዋ ሸፍና። በሌላ መንገድ ዞርሁ።

ጥቅምት 20፣ ደሴ

የጭነት መኪና ላይ ሁለት ቀን። አቧራ በልቼ። ጋሽ ወርቁን ፒያሳ ጀርባ አገኘሁት። ሽማግሌ ነው፤ የሙዚቀኛ ዕቃ ይጠግናል። ከተበተነ የሆቴል ባንድ የተረፉ ሁለት ኖይዝ ጌቶች አሉት። ወስነህ እስክትገዛ እዚሁ ሞክር አለኝ። ደስ አለኝ፤ እውነቴን ነው፣ ከስንት ጊዜ በኋላ። ጊታር፣ ፔዳል፣ ሰው የማይቆጣጠረው አምፕሊፋየር።

አንደኛው ግራጫ፣ አንድ ቁልፍ ብቻ ያለው። ቢላ ነው። መዝሙሩን፣ ያንን ቀጥ ቀጥ የሚለውን፣ ስመታ በየምቱ መሀል ጸጥ። እንደ መቃብር። አምባሰል ጀመርሁ። ድምፁን ስቤ ስቤ ሊሞት ሲል፣ ሳይሞት ቆረጠው። በለሆሳስ የነካሁት ክር ጭራሽ አልተሰማም፤ በሩን ለመክፈት ጉልበት አነሰው።

ሁለተኛው ሁለት ቁልፍ አለው። አንዱ በምን ያህል ድምፅ እንደሚከፈት፣ ሌላው በምን ያህል ቀስታ እንደሚዘጋ። ቀስታውን ጨመርሁ። አምባሰሉ እስከ መጨረሻው ወረደ። ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ምን እንደነካኝ እንጃ። ግን ከድምፁ ጭራ ጋር ሽሽታው አብሮ ይቆያል። ሁለት ትንፋሽ፣ ሦስት። በሦስት ትንፋሽ ውስጥ ጣቢያው ስንት ቃል ይናገራል?

ጋሽ ወርቁ ጌቱን ከፔዳሏ በኋላ አድርገው አለኝ፤ በፊት ከሆነ የፔዳሏን ጫጫታ አይዘጋልህም። ከዚያ ፔዳሏን አገላብጦ አያት።

«በሩ ያልፈለግኸውን አያጠፋልህም፤ ከኋላው ቆሞ ነው የሚጠብቅህ» አለኝ። «ሬዲዮ የምትስበው ይቺ ናት። ክፈታትና ውስጧን ቆርቆሮ አልብሳት።»

የሰይድን ቃል። አንድ በአንድ።

ላልብስልህ ወይ አለኝ። ተው አልሁት። ቆርቆሮ ከለበሰች ጥፋቱ የእሷ እንደነበር ማመኔ ነው። እሷ ደግሞ የእኔ ናት።

ጥቅምት 21፣ ጧት

ሌሊቱን ሳስብ አደርሁ ብልህ ውሸት ነው፤ ደህና ተኛሁ። ጧት ሄጄ ግራጫውን ገዛሁ። ጋሽ ወርቁ በትዝብት አየኝ። አንተ ሁለተኛውን የምትመርጥ ሰው መስለኸኝ ነበር አለ።

እኔም መስሎኝ ነበር።

ጥቅምት 28

ላሊበላ። ልምምድ። ጌቱ ይሠራል፤ እጄን ሳነሳ አዳራሹ ውስጥ የሰው ሳል ብቻ። ጓ. ታደለ አጨበጨበ። ጄኔሬተሩን ሌላ ሰው ያስነሳል፤ ስሙን አልጠየቅሁም።

ስንወጣ ፋጡማ በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ማምለጫ የለም። ከትናንት ጀምሮ ምግቡን አይቀበሏትም፤ ሳይከፈት ይመልሱላታል።

«ወንድምዓለም፣ አብራችሁ ነበራችሁ አሉኝ» አለች። «በአላህ ይዤሃለሁ፣ ምን አድርጎ ነው? እናቱ ወልድያ ናቸው፤ ምን ብዬ ልላክባቸው?»

ምንም አላደረገም አልኋት። ታዲያ ለምን አትነግራቸውም አላለችኝም። ቀና ብላ አየችኝ፣ ልክ እንደ እሱ። ከዚያ አመሰገነችኝ። ማስታወሻዬ፣ አመሰገነችኝ።

ኅዳር 3

እንግዶቹ መጡ። ጊታሩ ጮኸ፣ በሩ ዘጋ፣ ጮኸ፣ ዘጋ። አንዱ እንግዳ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ፤ እንዲህ ያለ ጥራት ደሴም የለም አለ። ማታ ድግስ ነበር፣ የፍየል ጥብስ። 

ከዘፋኞቹ አንዷ አስካለ ድግሱ ላይ አምባሰል እንድመታላት ጠየቀችኝ። ጀመርሁ። በየስንኙ መጨረሻ ጌቱ ይቆርጠኛል። እሷም ግራ ገብቷት አቆመች። ጊታርህ ታመመ እንዴ አለችኝ። አዎ አልኋት።

ኅዳር 5፣ 12 ሰዓት ሲሆን

አደረግሁት። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

11 ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ጓ. ታደለን ወደ አዳራሹ ጠራሁት። ብቻውን። አዲስ ነገር ላሳይህ አልሁት። ጌቱን ነቅዬ ወለሉ ላይ አኖርሁት። ፔዳሏን እስከ ጥግ ከፈትሁ፣ እጄን ከክሩ አነሳሁ። ሽሽታ ብቻ። ትንሽ ቆይ አልሁት። ሰዓቱን ያያል።  11 ሲሆን ጣቢያው ገባ፣ ያው ሰውዬ፣ ያው ድምፅ። ሬዲዮ የለም፣ ሰይድ የለም። ፔዳሏን በእግሬ ዘጋሁ፤ ጠፋ። ከፈትሁ፤ መጣ። ሦስት ጊዜ።

ጥፋቱ የዚች ናት፣ የኔ ናት፣ ሰይድ አስቀድሞ ነግሮኝ ነበር አልሁ።

«ያን ዕለት ለምን አልተናገርህም?» አለኝ።

«ፈራሁ።»

 ይይዘኛል ብዬ እጄን እንኳን አዘጋጅቼ ነበር። ሰይድ ከስምንት ቀን በፊት ወደ ወልድያ ተልኳል አለ። ፋይሉ ከእጄ ወጥቷል፣ እኔም አሁን ተሳስቼ ነበር ብዬ አልጽፍም፣ አንተም አትጻፍ አለኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ጌቱን ከወለሉ አነሳና ሰጠኝ። «መልሰህ ሰካው፣ ቅዳሜ ትርዒት አለ።»

በር ላይ ደርሶ ዞረና፣ ይህን አልሰማሁም አለኝ።

ስምንት ቀን። ፋጡማ በሩ ላይ ስታመሰግነኝ እሱ እዚህ አልነበረም። ምግቡን የማይቀበሏት ለዚህ ነው። ማንም አልነገራትም።

ኅዳር 6፣ ጧት

ለፋጡማ ነገርኋት። ሁሉንም፤ የዘይት ቆርቆሮውን፣ ቢሮ ውስጥ ያልሁትን፣ ደሴ የመረጥሁትን፣ ሰይድ ወልድያ መላኩን። ትሰድበኛለች ብዬ ጠበቅሁ። አልሰደበችኝም። መቀነቷን አጥብቃ ስታበቃ፣ ወደ ወልድያ የሚሄደው የእህል መኪና ስንት ሰዓት ይነሣል አለችኝ። አብሬሽ እሄዳለሁ አልኋት። እንደፈለግህ አለች። ይቅር አላለችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋት።

የይለፍ ወረቀት የለኝም። ኬላው ላይ ሊመልሱኝ ይችላሉ፤ ወልድያ ብደርስም የሚሰማኝ ላይኖር ይችላል፣ ወይም ከሰይድ አጠገብ ያስቀምጡኝ ይሆናል። ቢሆንም በመጀመሪያው ቀን ማለት የነበረብኝን እዚያ እላለሁ። ማን ዘንድ እንደሚባል እንጃ። በር ካለ አንኳኳለሁ።

ፔዳሏን ለማሳየት በጨርቅ ጠቅልዬ ይዣታለሁ። ጊታሩና ጌቱ አዳራሹ ውስጥ ቀርተዋል፤ ቁልፉን ለአስካለ ሰጠሁ። መኪናው ጥሩምባ እየነፋ ነው። ፋጡማ ከላይ ወጥታ ተቀምጣለች፣ ከጎኗ ባዶ ቦታ አለ።