ልጄን ፊት ለፊቴ ለሰቀላችሁልኝ

ለክቡር የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት፣

ከመላው ቤተሰብዎ፣ በተለይም ከልጆችዎ ጋር እንደምን ሰንብተዋል? ሆድዎንም ሆነ ጎንዎን እንዳያምዎት እመኛለሁ፤ ካመመዎትም የሚያምንዎት ሰው አይጡ።

እኔ የተማሪዎች ዩኒፎርም የምሰፋ ልብስ ሰፊ ነኝ። ትምህርቴ ብዙ ስላልሆነ ይህን የጻፍኩት ቀስ እያልኩ ነው። ቢሮዎ ልጆቻችን ባሕር ማዶ ስላሳለፉት «ልዩ የመጀመሪያ ዓመት» እንድንጽፍለት ወላጆችን ሲጠይቅ፣ ልጄ በዚያው ዓመት ማረፏ ሳያግደው ለእኔም ስለላከልኝ ጥሪውን አከበርኩ። ቀደም ሲል ለእርስዎ ብቻ የላክኋቸውን ደብዳቤዎች ብቻዎን ማንበብ የከበደዎት ስለመሰለኝ፣ ይህኛውን ሌሎች ወላጆች እንዲያግዙዎት በጋዜጣ አወጣሁት።

አንደኛ፣ ስለ ምክር አገልግሎትዎ አመሰግናለሁ። ልጄ ሆዷን አሟት ወደ ተማሪዎች ደኅንነት ቢሮ ስትሄድ፣ ኃላፊዋ ከወንበራቸው እንኳ ሳይነሡ በሽታዋን አወቁላት፤ ናፍቆት ነው አሏት። ከሰው አገር የመጣ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሆዱን የሚያመው በናፍቆት ብቻ መሆኑን እኔ እስከዚህ ዕድሜዬ ድረስ አላወቅሁም ነበር። ሞቅ ያለ ነገር ጠጥታ መዘምራን ውስጥ እንድትገባ መክረው መለሷት። በማግስቱም ስትሄድ እናቷ ጋ መደወል እንድትቀንስ አሳሰቧት። ልጄ ታዛዥ ነበረች፤ አንድ ጊዜ ብቻ ደወለች።

«እማ፣ መናፈቁንስ ናፍቀሽኛል፤ ግን ናፍቆት በቀኝ ጎን ብቻ ይወጋል እንዴ ብላቸው ሳቁ» አለችኝ።

ትርፍ አንጀቷ ነበር። ፈነዳ።

ሁለተኛ፣ ካረፈች በኋላ ሐኪሙም አምቡላንሱም ኮሚቴውም ተሯሩጠው ስለደረሱላት ምስጋናዬ ይድረስዎ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ያሉት ሰዎች የእናንተን ግቢ ሳያዩት አልቀሩም። በስሟ ዛፍ መትከላችሁንም ሰምቻለሁ። ቅጠሉ ጠውለግ ቢል ቶሎ የሚያይለት ሰው እንደማያጣ እርግጠኛ ነኝ።

ሦስተኛው ግን ከሁሉ ይበልጣል። ተማሪ የሚመለምሉላችሁ ወኪል፣ ቢሯቸው ባለበት ከሱቄ ፊት ለፊት በሚገኘው ፎቅ ላይ የልጄን ፎቶ በትልቅ ሸራ አሠርተው ሰቀሉ። የገባች ሰሞን ያነሣችኋት ነው፤ እኔ የሰፋሁላትን ቀይ ኮት ለብሳ ትስቃለች፤ ከሥሯም «ሁለተኛ ቤታችሁ» የሚል ተጽፏል። እንዲያወርዱልኝ እያለቀስኩ ለመንኩ። ወኪሉ፣ የማስታወቂያው ውል ሳያልቅ እንደማይነካ፣ እንደ እናትም ልኮራ እንደሚገባኝ በትሕትና አስረዱኝ።

ኮራሁ። የስፌት መኪናዬን ከሱቅ አውጥቼ፣ የፎቁን ባለቤት አስፈቅጄ፣ ከልጄ ሥር ተቀመጥኩ። ልጆቻቸውን ለማስለካት የሚመጡ ወላጆች ቀና ብለው ያዩዋትና ይህቺ ቆንጆ የማን ናት ይላሉ። የእኔ ናት እላለሁ። ታድለሽ፣ የት ደረሰች ሲሉኝ ሜትሬን አንገቴ ላይ ጣል አድርጌ አንደኛውንና ሁለተኛውን እነግራቸዋለሁ። አልጨምርም፣ አልቀንስም። አሁን ከወኪልዎ በር ላይ የሚመለሰው ሰው ከሚገባው በዝቷል።

በቀደም ወኪሉ ራሳቸው መጥተው፣ ለሐዘኔ ክብር ሲባል ፎቶዋ ሊወርድ መሆኑን አበሠሩኝ። ምን በወጣችሁ! ውል ውል ነው። የፎቁ ባለቤትም ዘመኑ ሳይሞላ ሸራውን የሚያስነኩ ሰው አይደሉም፤ እርሳቸውም ልጅ የቀበሩ ናቸው።

ለልጆችዎ ጤና፣ ለእርስዎ የማይረሳ ልብ፣ ለአዳራሽዎ ባዶ ወንበር እየተመኘሁ፣

ከታላቅ አክብሮት ጋር
የባለ ቀይ ኮቷ እናት

ማስታወሻ፦ የሰሞኑ ነፋስ የሸራውን ጥግ ቀዶት ነበር። እንዳያሳስብዎት፣ መሰላል ተውሼ ወጥቼ በድርብ ክር ሰፍቼዋለሁ። እኔ የሰፋሁት ልብስ ልጅ ሲያድግ ይጠባል እንጂ አይተረተርም፤ እርሷ ደግሞ ከእንግዲህ አታድግም።